«እሺ፥ ክቡር ሚኒስትር»፦ የእንግሊዞች የቴሌቪዥን የፖለቲካ ቧልት ከጎንደር ሲታይ

በአማርኛ «እሺ» የምትለዋን ቃል ያህል ብዙ ሥራ የምትሠራ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። «እሺ» ማለት ተስማምቻለሁ ማለት ነው፤ ሰምቻለሁ ማለትም ነው፤ አሁን ሂድልኝ ማለትም ነው፤ ከዚያም አልፎ አላደርገውም፥ ነገር ግን ፊት ለፊት እንቢ ማለት ነውር ስለ ሆነ ነገሩ በጊዜ ብዛት ራሱ ይሙት ማለት ነው። አባቶቻችን «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብለው ሲተርቱ የቃሏን ዋጋ በሚገባ ያወቁ ይመስላል። እንግሊዞች ደግሞ በዚህችው ቃል ላይ አንድ ሙሉ የቴሌቪዥን ተውኔት ሠርተዋል። ስሙ «የስ ሚኒስተር» ይባላል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «እሺ፥ ክቡር ሚኒስትር» መሆኑ ነው። አብዛኛው ክፍል የሚያበቃው በዚህ ንግግር ነው፤ አስቀድሞ የሆነውን ሁሉ ያየ ተመልካችም «እሺ» የተባለው ሰው ምን ያህል እንደ ተሸነፈ ያውቃል።

እነዚህን የእንግሊዝ ቧልቶች በፍላሽ እየተቀባበልን ከተመለከትን በኋላ ነገሩ ከመሳቅ አልፎ ክርክር ሆነብን። ክርክሩም ይህ ነው፦ ሰምና ወርቅን የፈጠረ ሕዝብ፥ በአዝማሪው አፍ ጌታን በጌታ ፊት የሚነካ ሕዝብ፥ ስለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስቅ የቴሌቪዥን ተውኔት ሠርቶ በየሳምንቱ የማይመለከተው ስለ ምንድን ነው? ፍርሃት ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል። እኛ ግን ፍርሃት ብቻ አይመስለንም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማየት እንሞክር።

«የስ ሚኒስተር» በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1980 ነው። ደራሲዎቹ አንቶኒ ጄይና ጆናታን ሊን ናቸው። እስከ 1984 በዚሁ ስም ቆይቶ፥ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን «የስ ፕራይም ሚኒስተር» ተብሎ ከ1986 እስከ 1988 ቀጠለ፤ ሁለቱ ተደምረው 38 ክፍሎች ናቸው። ተውኔቱን የሚሸከሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። ጂም ሃከር (ተጫዋቹ ፖል ኤዲንግተን) የተመረጠው ሚኒስትር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፥ ጋዜጣ ላይ ስሙ በበጎ ሲነሣ ደስ የሚለው፥ በክፉ ሲነሣ እንቅልፍ የሚያጣ ነው። ሰር ሃምፍሪ አፕልቢ (ናይጀል ሆውቶርን) የሚኒስቴሩ ቋሚ ጸሐፊ ነው። በርናርድ ዉሊ (ዴሪክ ፋውልድስ) የሚኒስትሩ የግል ጸሐፊ ሲሆን ለሁለት ጌታ የሚገዛ ምስኪን ነው፤ ዛሬ የሚያዘው ሚኒስትሩ ነው፥ የነገው ሹመቱ ግን በሰር ሃምፍሪ እጅ ነው።

ቧልቱ እንዲገባን የእንግሊዝን የአስተዳደር ሥርዓት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር ሚኒስትሩ ከምርጫ ጋር ይመጣል፥ ከምርጫ ጋር ይሄዳል። ከእሱ በታች ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከሥር እስከ ዋናው ጸሐፊ ድረስ አይነቃነቅም። የዚህ ሥርዓት መነሻ ስታፎርድ ኖርዝኮትና ቻርልስ ትሬቬልያን የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1854 ያቀረቡት ሪፖርት ነው፤ ሹመት በዘመድና በደጅ ጥናት መሆኑ ቀርቶ በፈተና ይሁን፥ ሠራተኛውም ለማንኛውም ፓርቲ ሳያዳላ ያገልግል የሚል ነበር። አሳቡ ቅን ነው። ጄይና ሊን ያደረጉት ይህን ቅን አሳብ እስከ መጨረሻው ገፍተው ማየት ነው። የማይነቃነቅ ሰው የሚነቃነቀውን ሰው ምን ያደርገዋል? ዐራትና ዐምስት ዓመት እስኪያልፍ በትሕትና ያስተናግደዋል፥ ከዚያም ይሸኘዋል። ሃከር የሚመራው መሥሪያ ቤትም «የአስተዳደር ጉዳዮች ሚኒስቴር» መባሉ ራሱ ቀልድ ነው፤ ሥራው የሌሎችን መሥሪያ ቤቶች አስተዳደር ማስተዳደር ነውና።

ከክፍሎቹ ሁሉ ለእኛ የበለጠብን እ.ኤ.አ. በ1981 የታየው የሆስፒታሉ ነገር ነው። አዲስ የተሠራ ሆስፒታል አለ። ከ500 በላይ የአስተዳደርና የአገልግሎት ሠራተኞች አሉት፤ ሐኪም የለውም፥ ነርስ የለውም፥ በሽተኛም አንድ የለውም። ሥራ ከጀመረ 15 ወር ሆኖታል። ሚኒስትሩ ደንግጦ ሲጠይቅ ሰር ሃምፍሪ ግራ ይጋባል፤ በሽተኛ ባይኖርም እኮ የሠራተኛ አስተዳደር አለ፥ ሒሳብ አለ፥ ጽዳት አለ፥ የዕቅድ ክፍል አለ፥ ሰዎቹ ሁሉ ሥራ በዝቶባቸዋል። እንዲያውም ሆስፒታሉ በንጽሕና ለሽልማት የታጨ ነው። እዚህ ላይ የምንስቀው በስንፍና አይደለም። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ሰነፍ የለም። የምንስቀው ሁሉም ተግቶ እየሠራ፥ ሥራው የተፈጠረለት ነገር ግን በመካከሉ የሌለ ስለ ሆነ ነው። ሰነፍ ጸሐፊን መቀለድ ቀላል ነው፥ በየሻይ ቤቱ እንቀልደዋለን፤ ትጉህ ሆኖ ከንቱ የሆነውን ሰው ማሳየት ግን ከፍ ያለ ጥበብ ይጠይቃል።

ይህ ዐይነቱ ነገር በእኛ ዘንድ የለም የሚል አንባቢ ካለ፥ ከመካከላችን በአንዱ ላይ የደረሰውን ልንገረው። መታወቂያው ጠፋበትና ምትክ ሊያወጣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። በመጀመሪያው መስኮት ያለችው ሠራተኛ በትሕትና ተቀብላ ማመልከቻ አስጻፈችው፤ በሁለተኛው መስኮት ማመልከቻው ላይ ቁጥር ተሰጠው፤ በሦስተኛው መስኮት የተቀመጡት ሰው ግን የአመልካቹን ማንነት ሳያረጋግጡ መቀበል እንደማይችሉ ነግረው መታወቂያውን እንዲያሳይ ጠየቁት። ጠፍቶ ነው የመጣሁት ቢላቸው፥ «ገብቶኛል ልጄ፥ እኔም እኮ ለደንቡ ያህል ነው» አሉት። ማንም አልተቆጣውም፥ ማንም ጉቦ አልጠየቀውም። በሦስተኛው ቀን ሲጨርስ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ዘመድ ሆኖ ነበር። ይህን በተናገረ ቁጥር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ነገር ግን የሚስቀው ሰው ሁሉ የራሱን ሊነግር አፉን እየከፈተ ነው።

የሰር ሃምፍሪ ዋና መሣሪያው ቋንቋ ነው። ሚኒስትሩን ከአንድ አሳብ ሊያስጥለው ሲፈልግ አይቃወመውም፤ «ይህ ደፋር ውሳኔ ነው» ይለዋል። ሃከርም ደሙ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ቤት «ደፋር» ማለት በምርጫ የሚያስወድቅ ማለት መሆኑን ተምሮአልና። አንድን ነገር መግደል ሲፈለግ ደግሞ ኮሚቴ ይቋቋምለታል። ነገሩ በጣም የከፋ እንደ ሆነ ሰር ሃምፍሪ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጀምራል፥ ዐረፍተ ነገሩም እየረዘመ፥ በሐረግ ላይ ሐረግ እየተቀጠለ ሄዶ ሲያበቃ ሚኒስትሩ ቀርቶ የምንመለከተው እኛም መነሻውን ረስተን እንገኛለን።

እኛም እንዲህ ያለ ቋንቋ አለን፤ መዝገበ ቃላቱን የሚያዘጋጅልን ሰው ነው የታጣው። «አቅጣጫ ተቀምጦአል» ማለት ማንም አልጀመረውም ማለት ነው። «በሂደት ላይ ነው» ማለት የት እንዳለ አይታወቅም ማለት ነው። «በትኩረት ይሠራል» የሚለው ግስ ባለቤት የለውም፤ ማን እንደሚሠራ ከግሱ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የሰዋስው መምህሮቻችን ተደራጊ ግስ የሚሉት ይህን ነው፤ አድራጊው ተሠውሮ ድርጊቱ ብቻ የሚታይበት ነው። ባለቤት የሌለው ግስ ለባለ ሥልጣን እንደ ጋቢ ነው፥ ሁለንተናውን ይሸፍንለታል። «የበላይ አካል» የሚለውንም እንጨምር፤ ይህ አካል ራሱ እጅም እግርም የለው፥ ተገናኝቶት የተመለሰ ሰው አልሰማንም። የቋንቋ ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያላችሁ ከምታማርሩ አንድ የግማሽ ዓመት ሪፖርት አንሥታችሁ ተደራጊ ግሦቹን ብትቆጥሩ ጥሩ ሥራ ይወጣችኋል።

ሹም አንድ፥ ገዢ ሌላ የሆነበትን ሥርዓት ለመረዳት የጎንደር ልጅ ወደ ለንደን መሄድ አያስፈልገውም። በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ጀምሮ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ የነበረውን ዘመነ መሳፍንት ብለን እንጠራዋለን። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ግንብ ውስጥ ነበር፤ ዘውድ ይጭናል፥ ዐዋጅ በስሙ ይነገራል። ሥልጣኑ ግን በራሱ እጅ ነው፥ ማለትም በራስ ቢትወደዱ፤ በኋላም ደብረ ታቦር በተቀመጡት በየጁ መሳፍንት። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ከ1771 እስከ 1792 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል። ሕዝቡም «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ስም አወጣላቸው። ሁለት ቃል ናት፤ ሆኖም በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ የሐዘንም የቧልትም ድምፅ ይሰማናል። ጂም ሃከር ቢያንስ አንድ ጊዜ ነው የተሾመው። ደግሞም ኖርዝኮትና ትሬቬልያን በለንደን የማይነቃነቀውን ጸሐፊ በወረቀት ላይ ሲፈጥሩ፥ እዚህ ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል ካደረጉ ገና አንድ ዓመት ያህል መሆኑ ነው፤ አንደኛው አገር ከዙፋን ጀርባ ያለውን ሰው ሲያጸና ሌላው ሲሽረው ማለት ነው።

ከዚህ ወደ አዝማሪው እንለፍ፤ ለክርክራችን ዋናው ቦታ ይህ ነውና። በጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች አሉ፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድባቸው፥ አዝማሪዎቹም ሌላ ሰው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ናቸው። በአዝማሪ ቤት ያለውን ልማድ ሁላችንም እናውቃለን። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ይልና ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆ አጅቦ በዜማ ይመልሰዋል። እስቲ ይህን እንደ ሕግ ተማሪ እንመርምረው። ቃሉ የማን ነው? አዝማሪው ቢጠየቅ «እኔ የተቀበልኩትን ነው» ይላል። ሰጪው ቢጠየቅ «እኔ መቼ ዘፈንኩ» ይላል። በመካከላቸው ቃሉ ባለቤት ሳይኖረው ቤቱን ይዞራል፥ ለሚገባው ይገባዋል። እንግዲህ «በትኩረት ይሠራል» ያለው ሹምና «ተቀበል» ያለው ታዳሚ በአንድ ዘዴ ይጠቀማሉ ማለት ነው፤ አንደኛው ባለቤቱን የሚሰውረው ላለመሥራት ነው፥ ሌላው ለመናገር።

በዚህ ዐይን «የስ ሚኒስተር»ን መልሰን ስናየው ሃከር አዝማሪ ሆኖ አገኘነው። ቃሉን የሚሰጠው ሰር ሃምፍሪ ነው፤ ሚኒስትሩ ተቀብሎ በፓርላማ በዜማ ይመልሰዋል፥ ሲወቀስም የሚወቀሰው እሱ ነው። ልዩነቱ የእኛ አዝማሪ የተቀበለው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቁ ነው።

እንግሊዞች ሁሉን በግልጥ ይናገራሉ፥ እኛ ብቻ በሰም እንሸፍናለን የሚለው አነጋገር በተማሪው ዘንድ የተለመደ ነው፤ እኛ አንቀበለውም። የጂም ሃከር ፓርቲ የትኛው እንደ ሆነ በ38ቱ ክፍሎች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይነገርም። ይህ ሰም አይደለምን? ደግሞም የመጀመሪያው ክፍል ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ሳለ የ1979 ምርጫ እስኪያልፍ ድረስ ቢቢሲ ይዞት ቆይቶአል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1963 «ዛት ዎዝ ዘ ዊክ ዛት ዎዝ» የሚባል፥ ዴቪድ ፍሮስት የሚመራው፥ የሳምንቱን ፖለቲካ የሚቀልድ ዝግጅት ነበራቸው፤ ተመልካቹ ብዙ ሳለ 1964 የምርጫ ዓመት ነው ተብሎ ተቋረጠ። ዛሬም ቢሆን የምክር ቤታቸውን የስብሰባ ፊልም ለቀልድ ዝግጅት ማዋል በደንብ የተከለከለ ነው። የምክር ቤቱን ፊልም አስገብቶ የተቀለደበት አንድ የአሜሪካ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ ሳይታይ የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ የእነሱም ነፃነት አጥር አለው። አጥሩ የት ላይ እንደ ቆመ ሁሉም ያውቀዋል፤ ምናልባት ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። በማይታወቅ አጥር አጠገብ የሚሄድ ሰው ከአጥሩ በጣም ርቆ ይሄዳል።

ስለ አሻንጉሊቶቹ በአጭሩ እንናገር። «ስፒቲንግ ኢሜጅ» የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1996 በአይ ቲ ቪ የታየ ሲሆን ፒተር ፍላክና ሮጀር ሎው በሠሩአቸው አስቀያሚ የጎማ አሻንጉሊቶች ባለ ሥልጣኖችን በስማቸው የሚቀልድ ነበር። ማርጋሬት ታቸርን የወንድ ሱፍ ያለብሳታል። የሊበራል ፓርቲ መሪ የነበረውን ዴቪድ ስቲልን በዴቪድ ኦወን ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ሚጢጢ ሰው አድርጎ አሳየው፤ ስቲልም ይህ ሥዕል በሕዝብ ዘንድ እንደ ጎዳው ራሱ ተናግሮአል። ወደ እኛ አገር ቢመጣ የሚያዋጣ አይመስለንም። በእኛ ዘንድ የሰውን መልክ መቀለድ የእግዜርን ሥራ መንቀፍ ነው፤ ሰው የሚቀለደው በሥራው ነው።

«ዘ ቲክ ኦቭ ኢት» ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አርማንዶ ያኑቺ ያዘጋጀው ይህ ተውኔት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2012 በቢቢሲ ታየ። ካሜራው በእጅ የተያዘ ነው፥ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎቹ ይቋረጣሉ፥ ይደነባበራሉ። እዚህ ሰር ሃምፍሪ የለም። ቦታውን የያዘው ማልኮም ታከር (ፒተር ካፓልዲ) የሚባል የጠቅላይ ሚኒስትሩ የወሬ ሹም ነው። ሥራው ሚኒስትሮቹ ለጋዜጣ የሚናገሩትን መወሰን፥ የተሳሳተውንም መሳደብ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ አይታይም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሥልጣን ከቋሚው ጸሐፊ ወደ ወሬ አቀናባሪው መዛወሩን ሁለቱን ተውኔቶች አጠገብ ላጠገብ በማየት ብቻ መረዳት ይቻላል፤ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጅበታል። በዚሁ ተውኔት የተፈጠረ፥ ሁለመናው የተዘበራረቀ ነገርን የሚገልጥ አንድ ቃል በ2012 የተቃዋሚው መሪ ኤድ ሚሊባንድ ምክር ቤት ውስጥ በመንግሥት በጀት ላይ ተጠቀመበት፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም የዓመቱ ቃል አሉት። የታከርን ስድብ ግን ለመተርጐም ሞክረን ትተነዋል። የእሱ ስድብ ዝናብ ነው፥ ሳያቋርጥ ይወርዳል። የእኛ አገር ስድብ ጠብታ ነው፤ አንድ ጊዜ ይነገራል፥ ከዚያ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ማታ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። ሳቅ ሹሙን ይጎዳዋል ወይስ ያገለግለዋል? «የስ ሚኒስተር»ን ከሁሉ አብልጣ የወደደችው ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ነበረች። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በጥር 1984 በአንድ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ከኤዲንግተንና ከሆውቶርን ጋር ቆማ በስሟ የተዘጋጀ አጭር ጨዋታ ተጫውታለች። ከእኛ ግማሾቹ ይህን ይዘው እንዲህ ይላሉ፦ ተውኔቱ ለመንግሥት ይጠቅመው ነበር። ታቸር የመንግሥት ሠራተኛውን ቁጥር መቀነስ ትፈልግ ነበር፤ ተውኔቱ ደግሞ ሠራተኛው ተንኮለኛ፥ መሥሪያ ቤቱም የማይረባ መሆኑን በየሳምንቱ ለሕዝብ ይነግርላታል። ሕዝቡም ስቆ ወደ መኝታው ይሄዳል። ሳቅ እንደ ድስት ክዳን ነው፥ እንፋሎቱን ያስወጣል፥ ድስቱ አይገነፍልም። ንጉሥ አጫዋች የሚቀልበው ስለዚህ ነው።

ግማሾቻችን ደግሞ ይህን አንቀበልም እንላለን። ፋሺስቶች ምን እንዳደረጉ እንይ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግራዚያኒ እንዲጠፉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮች፥ ተረት ነጋሪዎችና ዘዋሪ አዝማሪዎች ነበሩበት። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የያዘ ሠራዊት ማሲንቆ የያዘን ሰው ጠላቴ ነው ብሎ ትእዛዝ አወጣ ማለት ነው። ሳቅና ግጥም እንፋሎት ማስተንፈሻ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ድስቱን የሚጠብቀው ሰው ባልከለከላቸው ነበር። ጄምስ ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ደካሞች ስውር እንቢታ ባሳተመው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ ያስቀመጠው የኢትዮጵያ ምሳሌ ነው ያለውን ነው፤ ታላቅ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ለጥ ብሎ እጅ ከነሣ በኋላ በስተኋላው ድምፅ ሳያሰማ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ነው። (መጽሔቱ ጨዋ ስለ ሆነ ቃሉን አንጽፈውም።) ገበሬው ጌታውን አልገለበጠውም። ሆኖም ከልቡ አልሰገደለትም፤ ይህን ማወቁም ለሌላ ቀን ይጠቅመዋል።

ክርክሩ በመካከላችን እስካሁን አላለቀም። ነገር ግን የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች አለቃ ገብረ ሐናን ምስክር አድርገው መጥራታቸው አስገርሞናል። በፎገራ ናበጋ ተወልደው በጎንደር የተማሩት እኒህ ሊቅ በአቋቋም ሙያቸው የ«ተክሌ» አቋቋም ባለቤት ናቸው፤ ሕዝቡ ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፥ ያልተናገሩትም ሁሉ በስማቸው ተነግሮላቸዋል። ከሁሉ የታወቀው ግን እሳቸው የተሸነፉበት ነው። አህዮች የምትነዳ ሴት በመንገድ አግኝተው የአህዮች እናት ብለው እንደምን አደርሽ ቢሏት፥ እሷ ደግሞ ልጄ ብላ መለሰችላቸው። ሊቁን ያሸነፈች ስሟ ያልተጻፈ ነጋዴ ሴት ናት። ይህን የሚተርክ ሕዝብ ሳቅ ከታች ወደ ላይ እንደሚሄድ ያውቃል።

በመድረክ ላይም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ራሱ የፖለቲካ ቧልት ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ሥራቸውን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አዘጋጅተው አሳዩ፤ የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም ስለ ማን እንደሚናገሩ ሹማምንቱ ገባቸውና ታገደ። ይኸው ሰው በኋላ የ1923ን ሕገ መንግሥት ረቂቅ ያዘጋጁት ናቸው። በአገራችን የመጀመሪያውን ኮሜዲና የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አንድ ሰው መጻፉ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ሆኖ ታይቶናል። በ1950ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር የተማሩት መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» የተማረውን ወጣት፥ ማለት የእኛን ቢጤ፥ አሳቁበት። ቴሌቪዥናችንም በ1957 ዓ.ም. ሲቋቋም የረዳው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። መሣሪያው ከእንግሊዝ መጣ፥ ቧልቱ ግን አብሮ አልመጣም። በኋላ ዘመን እንደ «ቤቶች» ያሉ ተወዳጅ አስቂኝ ድራማዎች ታይተዋል፤ ቦታቸው ሳሎን ነው፥ ጠቡም የባልና የሚስት፥ የልጅና የሠራተኛ ነው። ፖለቲካው ወደ መድረክ ሄደ፤ በረከት በላይነህ የጻፈውንና ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚጫወተውን «እያዩ ፈንገስ»ን ማስታወስ ይበቃል። እያዩ እብድ ነው። እብድ ደግሞ እንደ አዝማሪው የሚናገረው አይያዝበትም።

አዝማሪ፥ አውሬ፥ እብድ። የእኛ ቧልት ሁልጊዜ የሚናገርለት አንድ ከሥርዓቱ ውጭ ያለ ሰው ይፈልጋል። የእንግሊዞቹ የሚናገረው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ጄይና ሊን ይህን ሊያደርጉ የቻሉት የውስጡን የሚነግሩአቸው ሰዎች ስለ ነበሩ ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን አማካሪዎች የነበሩት ማርሺያ ፎክንደርና በርናርድ ዶናሂው ከነገሩአቸው ሰዎች መካከል ናቸው። እንግዲህ የጎደለን ከቀልደኛ ይልቅ የመሥሪያ ቤቱን ጓዳ አውቆ የሚነግር ሰው ሳይሆን አይቀርም። የተመልካቹ ቴሌቪዥን የመንግሥት መሆኑ ነው የሚሉ አሉ፤ ቢቢሲም በግል ነጋዴ የተያዘ ጣቢያ አይደለም፥ ሕዝቡ በሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ የሚተዳደር ነው። ሕጉን ያየን እንደ ሆነ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 አለ፤ ስለ ጥላቻ ንግግር የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ የሥነ ጥበብ ሥራን በተለይ ለይቶ ያስቀረዋል። በወረቀት ላይ በር አለ። በሩን ማን ቀድሞ ያንኳኳል የሚለው ነው ያልተፈታው።

ለመተርጐም ስንነሣ የመጀመሪያው እንቅፋት የሰር ሃምፍሪ ማዕርግ ሆነብን። ሚኒስትር የሚባል ሹመት በዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሚኒስትር አላጣንም፤ ቋሚ ጸሐፊ ግን የለንም። ሚኒስትር ዴኤታውም እንደ ሚኒስትሩ በፖለቲካ የሚሾም ነው፥ አብሮ ይመጣል፥ አብሮ ይሄዳል። «ጸሐፌ ትእዛዝ» እንበለው ያሉ ነበሩ፤ ስሙ ያምራል፥ ትእዛዙን ከሚሰጠው ይልቅ የሚጽፈው እንደሚበልጥም ያሳያል፤ ግን ዘመኑ አለፈ። ታዲያ በእኛ መሥሪያ ቤት ሹሙ ሁሉ ሲቀያየር ሳይነቃነቅ የሚኖረው ማን ነው? ብዙ ከተከራከርን በኋላ መልሱን አገኘነው፦ የመዝገብ ቤቱ ሰው። ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ለሙከራ ያህል የጻፍነው እነሆ፤

ሚኒስትር፦ የድልድዩ ፋይል ይቅረብልኝ ካልኩ ወር ሆነ።

መዝገብ ቤት፦ እሺ፥ ክቡር ሚኒስትር።

ሚኒስትር፦ እሺ ማለት ይመጣል ማለት ነው?

መዝገብ ቤት፦ መምጣቱስ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ግን የመውጫ ቅጽ ያስፈልገዋል።

ሚኒስትር፦ ቅጹን የሚፈርመው ማን ነው?

መዝገብ ቤት፦ ክቡርነትዎ።

ሚኒስትር፦ ታዲያ ያምጡት፥ አሁኑኑ ልፈርም!

መዝገብ ቤት፦ ቅጹ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው፥ ጌታዬ።

በማራኪ ግቢ ሦስት ጓደኞቻችን የመዝገብ ቤቱን ሰው ቦታ ሞክረውታል። ሁለቱ «እሺ»ን ሲሉ ተንኮላቸው ፊታቸው ላይ ስለሚታይ አልሆነላቸውም። ሦስተኛው የዋህ ሆኖ አለው፥ ሰውም ሳቀ፤ እሱ ግን አባቱ በእውነት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸውና ይጫወተው እንደ ሆነ ገና አልወሰነም።